የገዳዩ እህት ብታለቅስ የሟቿ እናት እንባ አይጎድልም

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ «ሶሬዴሞ፣ ኢኪቴዩኩ» በተባለው የጃፓን ተከታታይ ድራማ ላይ ጠንካራ ነቀፋ አውጥተዋል። የድራማው ርእስ በእኛ ቋንቋ «ያም ሆኖ መኖር» እንደ ማለት ነው። እንደ ጸሐፊው አባባል ድራማው የሟችን ቤተሰብና የገዳይን ቤተሰብ በአንድ ሚዛን አስቀምጧል፤ ለገዳዩ ጥብቅና ቆሟል፤ የጃፓንን ልል የታዳጊዎች ሕግ አሞካሽቷል፤ የሟቿን ወንድም ከገዳዩ እህት ጋር በፍቅር በማጣመር በሙት ላይ ተሳልቋል፤ እኛ አገር በሽምግልና የሚቋጨውን ነገር ደግሞ 11 ክፍል ሙሉ እያላዘነ አንዛዝቶታል። ድራማውን ያላዩ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ብቻ አንብበው «እንዲህ ያለ ነገርስ አይታይም» ሲሉ ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅ የተገደለበትን ቤት እንዲህ በሐቀኝነት ያሳየ ሌላ የቴሌቪዥን ሥራ አላውቅም። የቀረበበት ክስ አብዛኛው በድራማው ውስጥ ያለውን ነገር የሚገለብጥ ስለሆነ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

ላላዩት አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2011 ከሐምሌ እስከ መስከረም በየሐሙሱ ማታ በፉጂ ቴሌቪዥን ቀረበ። ደራሲው ሳካሞቶ ዩጂ ነው፤ በ2023 በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ድርሰት ሽልማት ያገኘው ሰው። ታሪኩ የሚጀምረው ግድያው ከተፈጸመ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ፉካሚ ሂሮኪ ታዳጊ ሳለ የሰባት ዓመት እህቱ አኪ በመዶሻ ተመትታ ተገደለች። የገደላት የሂሮኪ የቅርብ ጓደኛ ሚሳኪ ፉሚያ ነው፤ እሱም ገና ታዳጊ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሟቿ ወላጆች ተለያይተዋል። አባትየው በሐይቅ ዳር ለዓሣ አጥማጆች ጀልባ እያከራዩ ከሂሮኪ ጋር ይኖራሉ። የገዳዩ ቤተሰብ ደግሞ የቤተሰብ ስሙን ለውጦ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይሸሻል። አንድ ቀን የፉሚያ እህት ፉታባ ማንነቷን ሳትናገር ወደዚያ ሐይቅ ትመጣለች።

የመጀመሪያውና ትልቁ ክስ «በአንድ ሚዛን» የሚለው ነው። ጸሐፊው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ተረት አንሥተው ድራማው ተረቱን ገልብጦታል ይላሉ። ተረቱ ልክ ነው፤ ድራማውም አልገለበጠውም። እንዲያውም ፉሚያ የረሳ የሚመስለው ሰው ነው፤ ሂሮኪና እናቱ ደግሞ አንዲት ቀን እንኳ ያልረሱ ናቸው። ድራማው የጨመረው ሌላ ሰው ነው፤ የወጊው እህት። እሷ አልወጋችም፤ አልረሳችምም። ለእሷ ተረት የለንም። ጸሐፊው ቦታ ስላጡላት ከወንድሟ ጋር ደምረዋታል። ጽሑፋቸው የሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሚዛኑ እኩል ነው የሚል ሰው የሟቿን እናት ኪዮኮን ልብ ብሎ አይቷል ብዬ ማመን ይከብደኛል። ኦታኬ ሺኖቡ የምትጫወታት ይህች እናት 15 ዓመት ሙሉ ያልተናገረችው ነገር አለ። ልጇን በዚያ ቀን አጭር ቀሚስ ያለበሰቻት እሷ ናት። «ቀሚሱን ባላለብሳት ኖሮ» የሚለው ሐሳብ እንደ እሾኽ ተቀብሮባታል፤ ገዳዩ ልጇን ሌላ ነገር አድርጓት ይሆን የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚያ ሥር ተደብቋል። ይህን አውጥታ ስትናገር ካሜራው ከፊቷ አይነሣም። ድምፅዋ መጀመሪያ የቤት ወሬ የሚነገርበት ዓይነት ድምፅ ነው፤ ቀስ እያለ ይሰበራል፤ አጠገቧ ያሉት ሰዎች የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ይቀመጣሉ። ሂሮኪም የራሱ እሾኽ አለው። እህቱን ጠብቅ ተብሎ ሳለ ትቷት የሄደው ሊያዩት የሚያሳፍር የአዋቂ ቪዲዮ ሊከራይ ነው። አንድ ታዳጊ ያደረጋት ተራ ጥፋት ከሞት ጋር ስለተገጣጠመች ዕድሜ ልኩን ለማንም ሊነግራት አልቻለም። በገዳዩ ቤተሰብ ቤት ከዚህ ጋር የሚተካከል ሰዓት ድራማው ለማንም አልሰጠም። ፉታባ ስትሰቃይ ያሳየናል እንጂ ሥቃይዋን ከአኪ ሞት ጋር አስተያዩልኝ ብሎ አይለምነንም።

የፉታባ ሥቃይስ ቢሆን ከየት መጣ? ጸሐፊው «የደራሲው ፈጠራ» ይሉታል። በጃፓን የሆነውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። በ2003 ናጋሳኪ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ የአራት ዓመት ሕፃን ሲገድል በወቅቱ የመንግሥት ሚኒስትር የነበሩት ኮኖይኬ ዮሺታዳ ወላጆቹን በከተማ አዙሮ አንገታቸውን መቅላት ነው የሚል ቃል በአደባባይ ተናግረዋል። ነቀፋ ገጥሟቸዋል፤ ነገር ግን ሚኒስትር እንዲህ የሚልበት አገር ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። በ1989 አራት ሴት ሕፃናትን በመግደል የተያዘ አንድ ሰው አባት በ1994 ራሱን ገድሏል። የወንጀለኛ ቤተሰቦችን የሚደግፍ «ዎርልድ ኦፕን ሃርት» የተባለ ድርጅት በ2008 በሴንዳይ ከተማ የተመሠረተውም ሥራ ፈት ሰዎች ስለተሰበሰቡ አይደለም። የሚደርስባቸው ስልክ፣ ግድግዳቸው ላይ የሚጻፈው ስድብ፣ የሚፈርሰው ጋብቻ እውነተኛ ስለነበረ ነው። ፉታባ ስሟን ቀይራ የምትኖረው ለዚህ ነው። ይህን ማሳየት የሟችን ሐዘን ማሳነስ የሚሆነው ሐዘን ተካፍሎ የሚያልቅ ነገር ከሆነ ብቻ ነው።

ወደ ሕጉ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው በጭራሽ የተሳሳተ ነገር ስለጻፉ። «ከ1948 ጀምሮ ያልተነካ፣ ገዳይን የሚያቆላምጥ ሕግ» ይሉታል። የጃፓን የታዳጊዎች ሕግ የወጣው በ1948 መሆኑ እውነት ነው፤ አልተነካም የሚለው ግን ሐሰት ነው። በ1997 በኮቤ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ የ10 ዓመት ልጃገረድና የ11 ዓመት ወንድ ልጅ ገደለ። በዚያን ጊዜ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል ቅጣት ስለማይጠየቅ ወደ ሕክምናና ማረሚያ ተቋም ገባ፤ በጋዜጣም «ታዳጊ ኤ» ተባለ እንጂ ስሙ አልወጣም፤ ሕጉ ስም ማውጣት ይከለክላልና። አገሪቱ ተናወጠች። በ2000 ሕጉ ተሻሽሎ ዕድሜው ወደ 14 ወረደ። በ2007 ደግሞ ወደ ማረሚያ ተቋም የሚላክበት ዕድሜ ወደ 12 ገደማ ዝቅ አለ፤ በ2008 የተጎጂ ቤተሰቦች በከባድ ጉዳዮች የታዳጊ ችሎት ተገኝተው እንዲከታተሉ ተፈቀደ፤ በ2022 የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶችን የሚመለከት ጥብቅ ድንጋጌ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን የድራማውን ዘመን ቁጠሩ። ታሪኩ በ2011 ይጀምራል፤ ግድያው ከዚያ 15 ዓመት በፊት ነው። ከማሻሻያው በፊት ማለት ነው። ያኔ የተጎጂ ቤተሰብ ችሎቱን አያይም፤ የመዝገቡን ይዘት የማየትም ሆነ ውሳኔውን በመደበኛ መንገድ የማወቅ መብት የተሰጠው በ2000ው ማሻሻያ ነው። ኪዮኮ ስለ ቀሚሱ 15 ዓመት የተብሰለሰለችው የሚነግራት ስለሌለ ነው! ልጇ በምን ሁኔታ እንደሞተች፣ ገዳዩ ምን እንዳለ፣ የት እንደገባና መቼ እንደወጣ የማታውቅ እናት ናት። ባሏ ሊሞት ሲል እንኳ የሚያስበው ያ ልጅ የት ነው ያለው የሚለውን ነው። ይህ ሕግን ማሞካሸት ከሆነ ማሞካሸት ትርጉሙ ተለውጧል። ድራማው ስለ ሕግ አንቀጽ ንግግር አያሰማም፤ በተዘጋ በር ፊት የቀሩ ሰዎችን ግን አሳይቷል፤ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ሕጉን ይከሳል።

«ለገዳዩ ጥብቅና ቆሟል» የሚለው ክስ እውነት ለመናገር አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ይህ ድራማ ለገዳዩ ጥብቅና ለመቆም ሲመች ያልቆመበት ቦታ ግልጽ ነው። አሥረኛውን ክፍል አስታውሱ። ሂሮኪ፣ ፉታባና ፉሚያ አንድ ምግብ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል። ሂሮኪ ለዓመታት ሊገድለው ይፈልገው ለነበረው ሰው ያለውን ሁሉ ይነግረዋል። ስለ አባቱ ሞት፣ ስላየው የፀሐይ መውጣት፣ ከእሱ ጋር ሊያየው ስለሚመኘው ነገር ያወራል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉን እየፈለገ ይናገራል። ከበቀል ወደ ልመና የወረደ ሰው ነው። አንድ ቃል፣ አንድ የሰው ፊት ብቻ ነው የሚፈልገው። ፉሚያ ይሰማል። ከዚያ የሚናገረው ምን መሰላችሁ? «ምግቡ አልደረሰም እንዴ?»

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ደራሲ ለገዳይ ጥብቅና ቆመ ማለት አይቻልም። ፉሚያን የሚጫወተው ካዛማ ሹንሱኬ ቃሉን የሚናገርበት መንገድ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ክፋት የለበትም፤ ንቀትም የለበትም። ሰው በተራበ ጊዜ የሚናገረው ተራ ነገር ነው። ሂሮኪ ነፍሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳለ እዚያ የደረሰ ነገር የለም። ገንፍላ ተነሥታ ወንድሟን የምትደበድበው ፉታባ ናት። ፉታባን የምትጫወተው ሚትሱሺማ ሂካሪ እዚያ ትዕይንት ላይ የምታሳየው ቁጣ ለሟቿ ነው፤ ለሂሮኪ ነው፤ ለራሷም ጭምር ነው፤ ምክንያቱም 15 ዓመት «ወንድሜ ምናልባት» እያለች ጠብቃ ኖራለችና። ጸሐፊው ስለዚህ ትዕይንት አንድም መስመር አልጻፉም። ስለ ገዳዩ አቀራረብ የሚከራከር ሰው ይህን ትዕይንት ሊዘልለው አይችልም።

እርግጥ በመጨረሻው ክፍል ፉሚያ የእናቱን ፊት ማስታወስ እንዳቃተው ለአባቱ ይናገራል፤ በልጅነቱ እናቱን በሞት ያጣ ሰው ነው። ጸሐፊው የያዙት ይህን ነው፤ «እናት የለው ብሎ ማሩት እያለን ነው» ይላሉ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ያ ቃል የሚመጣው ፉሚያ ዳግመኛ በሌላ ሴት ላይ ጉዳት አድርሶ፣ ሴትየዋ ራሷን ስታ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። ደራሲው ለይቅርታ ቢያመቻቸው ኖሮ በመጀመሪያው ክፍል በነገረን ነበር፤ እያዘንንለት 11 ሳምንት እንድንከርም። እሱ ግን ሁሉም በር ከተዘጋ በኋላ ነው ያመጣው። የሰማው አባቱ ነው፤ ከአኪ ቤተሰብ ማንም ይህን እንደ ካሣ አልተቀበለም።

እዚህ ላይ የ2015ን ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። የኮቤው «ታዳጊ ኤ» ካደገ በኋላ የሟች ቤተሰቦችን ፈቃድ ሳይጠይቅ ስለ ራሱ መጽሐፍ አሳተመ። የሟቹ ልጅ አባት መጽሐፉ ከገበያ እንዲነሣ ጠየቁ፤ አንዳንድ የመጻሕፍት መደብሮችም አንሸጥም አሉ። ለገዳይ መድረክ መስጠት ማለት ያ ነው። ገዳዩ ያወራል፤ የሟች ቤት ይሰማል። ከመጽሐፉ አራት ዓመት ቀድሞ የወጣው ይህ ድራማ የሠራው ተቃራኒውን ነው። የሟች ቤት ያወራል፤ ገዳዩ መስማት ያቅተዋል።

ስለ ሽምግልና የተነሣው ነጥብ ለእኛ አንባቢ ቅርብ ስለሆነ ጸሐፊው ብዙ ደጋፊ ያገኙበት ይመስለኛል። «እኛ ዘንድ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል» ብለዋል። ደም ማድረቅ ትልቅ ሥርዓት ነው፤ አከብረዋለሁ። ሥራው ግን ምንድን ነው? ደም እንዳይመላለስ፣ ሁለት ወገን እንዳይተላለቅ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን አብረው እንዲውሉ ማድረግ ነው። የሚሠራውም ገዳዩ ታውቆ፣ ወገኑ አምኖ፣ ፊት ለፊት ሲቀርብ ነው። በድራማው ገዳዩ ስሙን ለውጦ በአንድ እርሻ ላይ ተደብቋል፤ «አዎ፣ ገደልኩ፤ ማሩኝ» የሚል አንደበት የለውም። የገዳዩ አባትና እህት ግን ሳይጠሩ ድንጋዩን ተሸክመው መጥተዋል። ፉታባ ወደ ሐይቁ መምጣቷ እኮ ይኸው ነው! የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም፤ የሚቆረጥ ካሣ የለም። ሁለቱ ቤቶች ያለ አስታራቂ ፊት ለፊት ተያዩ። በተጨማሪም፣ እኛም ዘንድ ቢሆን ደም ከደረቀ በኋላ የሟች እናት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ያለውን ሌሊት ሥርዓቱ አይነካውም፤ ድራማው የሚገባው ወደዚያ ነው። 11 ክፍል በዛ የሚሉ ሰዎች ኪዮኮ 15 ዓመት እንደቆየች ረስተዋል ማለት ነው?

ስለ ቀስታው ብዙ አልከራከርም፤ ምርጫ ነው። ሰዎቹ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም፤ ይቅርታ ሊሉ ሄደው ስለ ምግብ ያወራሉ። ለእኔ ይህ ነው ያሳመነኝ። አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ የእርሻው ታሪክ በድራማው መካከል እንደ አንጠልጣይ የወንጀል ፊልም ይሆናል፤ ሙዚቃውም ሩጫውም ከቀረው ጋር አይገጥምም። ድራማው ያለዚያም ካሰበው ይደርስ ነበር። በሌላ በኩል ድራማው ሲጀምር ጃፓን ከታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ አራት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላትም ነበር፤ የሞቱትና የደረሱበት የጠፋው ከ18,000 በላይ ናቸው። እንዲህ ባለ በጋ «ያም ሆኖ መኖር» የሚል ርእስ ያለው ድራማ በቀስታ መሄዱ «ማላዘን» ተብሎ ሊወረወር አይገባም።

የቀረው ፍቅሩ ነው፤ «በሙት ላይ የተሠራ ስላቅ» የተባለው። በኤይታ የሚጫወተው ሂሮኪና ፉታባ እንደሌሎች የቴሌቪዥን ፍቅረኞች አይደሉም። አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ይደነግጣል፤ መሳቅ ተፈቅዶልናል ወይ ብለው የሚጠይቁ ይመስላሉ። ሁለቱም በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆነው እንደ ወጣት ኖረው አያውቁም። ስለ አኪ ሳይሸማቀቅ የሚያወራው ሰው ሂሮኪ ያገኘው ፉታባን ብቻ ነው፤ ስለ ወንድሟ ሳትዋሽ የምታወራው ሰው ፉታባ ያገኘችው ሂሮኪን ብቻ ነው። ከዚህ መቀራረብ ቢወለድ ምኑ ያስገርማል? የሚያስገርመው ደራሲው ያደረገው ነው። በመጨረሻው ክፍል ሁለቱ ለአንድ ቀን ወደ መዝናኛ ስፍራ ይሄዳሉ፤ እንደማንኛውም ሰው ይጫወታሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የሂሮኪ ቤተሰብ ስለከለከለም አይደለም።

የሚለያዩት ፉታባ ወንድሟ የጎዳትን ሴት ትንሽ ልጅ ለማሳደግ ስለወሰነች ነው። ጸሐፊው ይህን «ርካሽ ማምለጫ» ብለውታል። የትኛው ማምለጫ ነው የራስን ፍቅር ትቶ፣ ያልፈጸሙትን ጥፋት ዕዳ ተሸክሞ፣ ነገ ስለ እናቷ የምትጠይቅ ሕፃን ማሳደግ? እኔ በዚህ ውሳኔ አልተስማማሁም። ፉታባ ለሂሮኪ «እሺ» እንድትለው ፈልጌ ነበር፤ አሁንም እፈልጋለሁ። ድራማው ለገዳይ ወገን ቢያደላ ኖሮ ግን ለፉታባ የሚሰጣት ያንን ነበር።